አንድ ድፎ ዳቦ ይዤ ወደ ሄለን ጨዋታ

ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት። ዲር ፓርክ

ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። የፈረንጁን የፈለገ ስድስት ይደምርበት።

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። ጨዋታው የሚጀመረው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ መንገዱም ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ይህን ያህል ቀድሜ የምወጣው ልማድ ሆኖብኝ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ደግሞ ከአርባ በኋላ። ከዚያ በፊት ሰሌዳ ማንበብ ስለማልችል፣ የትም ስሄድ ለመጥፋት የሚሆን ሰዓት ጨምሬ ነበር የምነሳው። አሁን አነባለሁ። ቀድሞ መውጣቱ ግን አልለቀቀኝም።

ጭጋግ ነው። የመጋዘኖቹ መብራት ጭጋጉ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ቆርቆሮ፣ የሽቦ አጥር፣ ሞተሩን እያሞቀ የቆመ የጭነት መኪና፣ እንደገና ቆርቆሮ። አገር ቤት ሆኖ "አንተማ ሜልቦርን ነው የምትኖረው" እያለ የሚቀናብኝን ዘመድ ሁሉ በዚህ ሰዓት እዚህ አምጥቼ ባቆመው ደስ ይለኛል።

እቅፌ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አለ። ራሴ ነኝ የጋገርኩት። የምሠራው ዳቦ ፋብሪካ ነው፤ ማሽኑ ሲተፋው የሚውለው ዳቦ ግን ዳቦ ዳቦ አይሸትም። ይሄኛው ይሸታል። ጥቁር አዝሙድ አለው፣ ኮረሪማ አለው፣ ኮባ ስለሌለ ሰንሻይን ካለው የቬትናሞች ሱቅ በገዛሁት የሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ነው የጋገርኩት።

ዳቦው ለልጄ ለሄለን ነው። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ ለዩኒቨርሲቲውም ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ከተነጋገርን ዘጠኝ ወር ሆኖናል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሰው ሲያወራው ከምሰማ ራሴ ልጻፈው። የምትጫወትበትን ጫማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፣ ያውም የቆሻሻ መኪና በሚመጣበት ቀን። "ኳስ እንጀራ አይሆንሽም፣ ትምህርትሽን ተማሪ" ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም። ያንን ጫማ የተጠበሰ ዶሮ የሚሸጥበት ቤት ስድስት ወር ሠርታ ነው የገዛችው። መኪናው ሲያነሳው በመስኮት አየች። አልጮኸችም። ሻንጣዋን ይዛ ሄደችና ካርልተን ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራየች።

ባለቤቴ አልማዝ ጨዋታዎቹን አንድ ሳታስቀር ታያለች። ዛሬ ግን አረጋውያን ቤት ሺፍት አላት። ትናንት ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ቀና ሳትል፣

"ነገ አንተ ትሄዳለህ" አለችኝ።

"ብታባርረኝስ?"

"ትመለሳለህ። መንገዱን ታውቀዋለህ።"

1፡30። የባቡር ምትክ አውቶቡስ ላይ

ባቡር የለም። ሐዲድ እየተጠገነ ስለሆነ እስከ ሰንሻይን በአውቶቡስ ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜም ያው ነው።

አሽከርካሪው ብርቱካናማ ጥምጣም ያሰረ ፑንጃቢ ነው። ከእኔ ሌላ የተሳፈሩት እንቅልፍ የያዛቸው ሁለት የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ናቸው። ከፊት ተቀመጥኩ።

"ወንድሜ፣ ያ ምንድን ነው? አውቶቡሱን አወድከው እኮ" አለኝ በመስታወቱ እያየ።

"ዳቦ ነው። ለልጄ።"

"ልደቷ ነው?"

"አይደለም። ተጣልተን ነው።"

ራሱን ነቀነቀ። መብራት ይዞን ቆመ።

"እኔ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ሁልጊዜ አንዷ አኩርፋኛለች፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን በየሳምንቱ ይቀያየራል። ያንተ ስንት ጊዜዋ ነው?"

"ዘጠኝ ወር።"

እስከ ሰንሻይን ድረስ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ስወርድ ግን፣ "ዳቦውን መጀመሪያ ስጣት፣ ከዚያ ተናገር። ተናግረህ አትስጣት" አለኝ። ሰው ሁሉ መካሪ ነው። ይሄኛውን ግን ያዝኩት።

2፡45። ኖርዝ ሜልቦርን

ከባቡር ወርጄ የመንግሥት ፎቆቹ ጋ ሄድኩ። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ጋሼ ወልዴ ይኖራሉ። ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ካርቶን ላይ በከሰል እየጻፉ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከእኔ ጋር የተማሩት የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ነበሩ፤ ስሳሳት ይስቁብኝ ነበር፣ እሳቸው ግን አንድ ቀንም አልሳቁም። ዛሬ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ሊፍቱ እንደ ሁልጊዜው የሰው ሁሉ ወጥ ይሸታል።

"እንደምን አደሩ ጋሼ?"

"ደህና ነኝ። ምን ይዘህ መጣህ?"

"ለእርስዎ አይደለም። ለሄለን ነው።"

ሻይ ሰጡኝ። በመስኮታቸው ሲታይ ከተማው እስከ አንገቱ ጭጋግ ውስጥ ነው። ወዴት እንደምሄድ ነገርኳቸው። ዳቦውን በጨርቁ ላይ ዳሰስ አደረጉት።

"ትሰማኛለህ አየለ? የጣልክባት ጫማ ነው።"

"አዎ።"

"ታዲያ ዳቦ ምን ይሠራል? ጫማ የጣለ ሰው ጫማ ነው የሚገዛው።"

"ቁጥሯን አላውቀውም።"

ሻዬን ፉት አልኩ። የስንት ሰዓት ፈረቃ ስንት እንደሚከፈል አውቃለሁ፤ የማሽኑን ክፍል ሁሉ በስሙ አውቃለሁ። የገዛ ልጄ ስንት ቁጥር ጫማ እንደምታደርግ አላውቅም። እናቷ ነበረች የምትገዛላት፣ በኋላም ራሷ።

"እናቷን ጠይቃት" አሉኝ።

"እናቷን ብጠይቅ ትስቅብኛለች።"

"ትሳቅብሃ። ስንት ሕፃን ስቆብህ ነው ፊደል የቆጠርከው?"

ይህን ብለው ሸኙኝ። ሊፍቱ እስኪመጣ ግን በር ላይ ቆመው ጠበቁ።

4፡15። ካርልተን

ከዚያ በእግሬ። ጭጋጉ ተነስቶ ቀጭን ፀሐይ ወጣች። ካርልተን ሌላ አገር ነው። በአንድ በኩል የመንግሥት ፎቅ፣ በሌላ በኩል ተማሪ፣ ብስክሌት፣ ውሻ የያዘ ሰው፣ ስሙን የማልጠራው ዓይነት ቡና በሰባት ዶላር።

የቤቷን ቁጥር አውቀዋለሁ፤ አልማዝ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። አሮጌ የጡብ ቤት ነው። የፖስታ ሳጥኑ ላይ የአራት ሰው ስም ተጽፏል፤ የሄለን ሦስተኛው ነው። በረንዳው ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ የሩጫ፣ የዝናብ፣ ነጠላ ጫማ፣ ጭቃ የደረቀበት ቦቲ። ቆሜ አየሁት። ለስርቆት የመጣሁ ሳልመስል አልቀርም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የትኛው የእሷ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ሳላንኳኳ ወደ ትራሙ ሄድኩ።

4፡50። አዳራሹ

በረኛው ቁመቱ በሩን የሚያክል የሳሞአ ልጅ ነው። "ከውጭ ምግብ ማስገባት አይፈቀድም" አለኝ። ጨርቁን ገለጥ አደረግኩለት። አየው፣ አሸተተው፣ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ተመለከተ። "ይሄ ምግብ አይደለም፣ ስጦታ ነው" አለና አሳለፈኝ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ውስጡ ሰፊ ነው። ወለሉ ቅባት የተቀባ እንጨት ነው፣ ፊትን ያሳያል። የምሰማው መብራቶቹ እዝዝ ሲሉ ብቻ ነው። የት እንደምቀመጥ አሰብኩ። እሷ እንድታየኝ አልፈለግኩም፤ ደግሞም እንድታየኝ ነው የመጣሁት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ አልማዝን ጠይቋት። የእነ ሄለን ቡድን ሰማያዊ ነው የሚለብሰው፤ ሰማያዊ ባንዲራ የተሰቀለበትን በኩል ለይቼ አየሁና ከዚያ እጅግ የራቀውን ቦታ መረጥኩ፤ በወዲያኛው ጫፍ፣ ከቅርጫቱ ኋላ፣ አራተኛው ረድፍ ላይ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተና አረንጓዴ የለበሰ ሕዝብ እየዘፈነ ገባ። ከገጠሩ በኩል በሁለት አውቶቡስ የመጡ ናቸው። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ክፍለ ግዛት ልጆች ናቸው፤ ግን አጥር እንደሚጋፉ ጎረቤቶች ነው የሚተያዩት። አረንጓዴዎቹ መጡ፣ መጡ፣ ግራዬን ሞሉት፣ ቀኜን ሞሉት፣ ከኋላዬም ከበሮ የያዘ አንድ ጎረምሳ ተቀመጠ። የጠላት ሰፈር ውስጥ ገብቼ ነው የተቀመጥኩት። ተነስቼ ልሂድ አልኩ፤ ደግሞ ሸሸ እንዳይሉኝ ብዬ ቀረሁ። ማን እንደሚለኝ እኔም አላውቅም።

ከጎኔ የተቀመጡት ስድሳውን ያለፉ ሴትዮ ናቸው። ሼሪል እባላለሁ አሉኝ። እጃቸው እንደ ገበሬ እጅ ሻካራ ነው። ከእነሱ ቡድን አራት ቁጥር የልጅ ልጃቸው ናት።

6 ሰዓት። ጨዋታው

ሄለን ገባች። አሥራ ሁለት ቁጥር። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ወደ ኋላ አስራዋለች። ቀጥናለች ወይስ ድሮም እንዲህ ነበረች? ዞር ስትል ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል ነው። አየለ ይላል። የአባት ስም ነው፣ የእኔ ስም። ከቤት ስትወጣ እሱንም ጥላው የወጣች መስሎኝ ነበር።

ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ልጄ ግን ስትሮጥ መሬት አትረግጥም። ኳስ ስትቀማ ዓይኗን አታርገበግብም። እናቷ ናት እንዲህ የምታይ፤ እኔ አይደለሁም።

ሰባት ደቂቃ ላይ ጥፋት ተሠራባትና የቅጣት ውርወራ ተሰጣት። ብቻዋን መስመሩ ላይ ትቆማለች፣ የሚከለክላት የለም፣ ወደ ቅርጫቱ ትወረውራለች። ቅርጫቱ ከእኛ ማዶ ያለው ነው፤ ያም ሆኖ ኳሱን ስትይዝ አረንጓዴዎቹ በሙሉ ብድግ ብለው አጓሩ። እጃቸውን አወናጨፉ፣ ያ ጎረምሳ ጆሮዬ ሥር ከበሮውን ደበደበው፣ ሼሪልም ሻርፓቸውን እያሽከረከሩ እንደ ላም አገሱ። ልጅቷ እንድትደናገር ነው። ልማዳቸው ነው አሉ፤ ሁሉም ቦታ የሚደረግ ነው አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ? ደሜ ፈላ። ሄለን ሁለቱንም አስገባች። በአማርኛ አንድ ነገር አልኩ፤ እዚህ አልጽፈውም።

እረፍት ሆነ። ሠላሳ አንድ ለሠላሳ፣ አረንጓዴዎቹ ይመራሉ። ሼሪል ወደ እቅፌ ጎንበስ አሉ።

"ይቅርታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልበላሁ ሴት ነኝ። እዚያ ጨርቅ ውስጥ ምን አለ?"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ዳቦው የሄለን ነው። ግን ግራና ቀኜ ሰው ተቀምጧል፣ ሽታው አጋልጦኛል፣ ታላቅ እህቴ የሚሆኑ ሴትዮ ርቦኛል ብለዋል። እንደ ድመት ሸሽጌ ልቀመጥ? ቢላ አልያዝኩም። በእጄ ቆረስኩላቸው።

ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ባል አለህ? ማለቴ ሚስት?" አሉኝ። ከኋላ ሳቁ። ከበሮ የያዘው ጎረምሳም እጁን ዘረጋ። ቅድም ጆሮዬን ያደነቆረኝ ልጅ ነው፤ ሰጠሁት። ከዚያ ጎኑ ያለው፣ ከዚያ ከፊት ያለችው። ለአንዱ ሰጥቼ አንዱን መዝለል አልቻልኩም። የስድስተኛው ረድፍ ሰዎች ሲጠይቁ ዳርቻውን ብቻ፣ ጠንካራውንና ቡናማውን፣ ቆርሼ በኪሴ ከተትኩ። ሄለን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትወደው እሱን ነው።

"ማን ጋገረው?" አሉ ሼሪል።

"እኔ።"

"ለማን?"

የሥራ መታወቂያዬን ከአንገቴ አውጥቼ ስሜን አሳየኋቸው። ከዚያ ሜዳው ላይ የምታሟሙቀውን አሥራ ሁለት ቁጥር በጣቴ አመለከትኩ። ስሜን አነበቡ፣ ጀርባዋን አነበቡ።

"አቤት ጉድ" አሉ ሼሪል። "የእሷን ዳቦ በላንባት።"

7፡20። አራት ሰከንድ

ሁለተኛው አጋማሽ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። አንዴ እነሱ፣ አንዴ እኛ። እኛ የምለው ሰማያዊዎቹን ነው፤ አፌ ሳላዘው ነው የተናገረው። ሰዓቱ አራት ሰከንድ ሲቀረው አረንጓዴዎቹ በሁለት ነጥብ ይመሩ ነበር። ሄለን እየገባች ሳለ ከኋላ ገፏት፣ በጉልበቷ ወደቀች። ሁለት የቅጣት ውርወራ። ሁለቱን ብታስገባ እኩል ይሆናሉ።

ተነሳች። መስመሩ ላይ ቆመች። ከእረፍት በኋላ ቅርጫት ተቀያይረዋልና፣ አሁን ከእኔ አሥር ሜትር አትርቅም።

አረንጓዴዎቹ እንደ ልማዳቸው አጓሩ። የመጀመሪያውን ወረወረች፤ ገባ። እኔ ማየት አልቻልኩም፣ ግንባሬን ጉልበቴ ላይ ደፋሁ። ሼሪል አዩኝ። ብድግ ብለው ወደ ኋላ ዞሩና ሁለቱን እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘረጉ።

"በቃ። የዚህ ሰው ልጅ ናት። ዳቦውን በልተናል።"

ከበሮው ቆመ። ከበሮው ሲቆም ረድፉ ቆመ፤ አንዱ ረድፍ ሲቆም ሌላው። ዳቦ ያልደረሳቸውም ግራ ገብቷቸው ዝም አሉ። መብራቶቹ እዝዝ ሲሉ ተሰማ።

ቀና ስል ሄለን ኳሱን ይዛ ቆማለች። ግን ቅርጫቱን አይደለም የምታየው። እኛን ነው የምታየው፤ ምን ሆኑ ብላ። ዓይኗ በረድፎቹ ላይ ሄዶ ሄዶ እኔ ላይ አረፈ። አረንጓዴ መካከል፣ ባዶ ጨርቅ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ።

ወረወረች። ኳሱ ብረቱን መታው፣ ዞረው፣ ወደ ውጭ ወደቀ።

በአንድ ነጥብ ተሸነፉ።

አረንጓዴዎቹ ሲዘሉ ሼሪል አልዘለሉም። ክንዴን ይዘው፣ "ልረዳት ብዬ ነበር" አሉኝ። እመኑኝ፣ አልተቆጣሁም። እኔም በዕድሜዬ ያጠፋሁት አብዛኛው ልረዳ ብዬ ነው።

7፡40። ሜዳው ዳር

ልሸሽ ነበር። ጨርቄን አጣጥፌ ደረጃውን ልወርድ ስል ሜዳውን አቋርጣ መጣች። ላቧ ይንጠባጠባል፤ ጉልበቷ ተልጧል። አጥሩ ጋ ቆመች። ንግግራችን እንደ ድሮው ነው፣ እኔ በአማርኛ፣ እሷ ግማሹን በእንግሊዝኛ። ሁሉንም በአማርኛ ነው የምጽፈው።

"አባ። እዚያ ምን ትሠራለህ?"

"ጨዋታ ላይ ነኝ።"

"ከእነሱ ጋር?"

"ቀድሜ ነው የመጣሁት። እነሱ ናቸው የመጡብኝ።"

ሳቋን ዋጠችው፤ አየሁት።

"ምን አድርገሃቸው ነው ዝም ያሉት?"

"ዳቦ አብልቻቸው ነው።"

"አባ፣ ሲጮሁ እኮ ነው የማስገባው። ሦስት ዓመት ሙሉ በጩኸት ነው የለመድኩት። ዝም ሲሉ ሰው የሞተ መሰለኝ።"

"እኔ ዝም በሉ አላልኳቸውም።"

"አውቃለሁ" አለች። "አንተ ዝም በሉ ብትል ኖሮ ይሰማ ነበር።"

የፑንጃቢው ምክር ትዝ አለኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ ዳርቻውን አወጣሁ። ትንሽ ፍርፋሪና የሱቅ ደረሰኝ ተጣብቆበታል። ተቀበለችኝ። ደረሰኙን አላቃ ዳቦውን እዚያው ቆማ በላችው፣ በላብ እጇ፣ ጓደኞቿ እየጠሯት። አንዴም ቀና አላለችም። ስትጨርስ ተናገርኩ።

"ጫማሽን ጥያለሁ። ጥፋት ነው።"

"አዎ፣ ጥፋት ነው" አለች።

ደግሞ ምን ይባላል? ካደረገችው ጫማ ላይ ዓይኔን አሳረፍኩ። አሮጌ ነው፤ የሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ጫፉ ላይ በፕላስተር ተጠግኗል።

"ስንት ቁጥር ነው የምታደርጊው?"

"ጫማ አለኝ፣ አባ።"

አሠልጣኟ ጠራቻት። ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመለሰች። ከጠረጴዛው ላይ የጨዋታውን ወረቀት ነጥቃ፣ ጀርባው ላይ አጎንብሳ ጻፈችና አራት ላይ አጥፋ ሰጠችኝ። ሮጣ ሄደች።

8፡30። ወደ ቤት

ወረቀቱን የገለጥኩት ባቡር ውስጥ ነው። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ እያንዳንዱ ለየብቻው የቆመ። አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንግሊዝኛ ስታስነብበኝ እንዲህ ነበር የምትጽፍልኝ፤ እንዳይምታታብኝ። አሁን አይምታታብኝም። እሷ ግን ያንን አላየችም፤ ዘጠኝ ወር አብረን አልነበርንማ።

የመጀመሪያው መስመር የሚቀጥለው ጨዋታ የት እንደሆነ ይላል፤ አረንጓዴዎቹ ዘንድ ነው። ሁለተኛው ቀኑንና ሰዓቱን። ሦስተኛው በሰማያዊዎቹ በኩል እንድቀመጥ ያዛል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከዚያ በታች፣ ጥጉ ላይ፣ አንዲት ቁጥር ብቻ አለች። 9.5 ትላለች።

ሰዓት ነው እንዳልል ሰዓቱ ከላይ ተጽፏል። የአውቶቡስ ቁጥር ነጥብ የለውም። የበር ቁጥርም አይሆንም። ሰንሻይን እስክደርስ አገላብጬ አየሁት፤ ምትክ አውቶቡሱ ላይም አየሁት። አሽከርካሪው ሌላ ነበር፤ የጠዋቱ ቢሆን እጠይቀው ነበር።

አልማዝ ከሥራ ገብታ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ነው የጠበቀችኝ።

"አሸነፉ?"

"ተሸነፉ። በእኔ ምክንያት ነው፤ በኋላ እነግርሻለሁ። እስቲ ይህችን እያት፣ ታች ያለችዋን። የምን ቁጥር ናት?"

ወረቀቱን ወደ መብራቱ ጠጋ አደረገችው። ቆይታ አየችኝ።

"የእግሯ ናት" አለችኝ።